ሳያምኑ ማንበብ፦ ምሳሌን፣ መክብብንና ኢዮብን በ«አንድም» መንገድ

ጎንደር ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ሳይሰሙ መዋል አይቻልም። ለቅሶ ቤት ዳዊት ይደገማል፣ ሱቅ ግድግዳ ላይ ጥቅስ ተለጥፏል፣ ለሽምግልና የተቀመጡ አባት ነገሩን በሰሎሞን ቃል ይቋጩታል። ሃይማኖት የሌለው ሰውም፣ ኖሮት የተወውም፣ ይህንኑ እየሰማ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን መጽሐፉን ራሱ ገልጦ ማየት ሲያምረው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ ከዘፍጥረት ይጀምርና ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ ይታክተዋል፤ ወይ ያማሩ ጥቅሶችን እየለቀመ ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገራቸው ሳያውቅ ይቀራል። ሁለተኛው ይብሳል። የመጀመሪያው ሰው መጽሐፉን አላነበበም፣ ሁለተኛው ግን ያነበበ ይመስለዋል።

ጥበብ ለሚፈልግ አንባቢ የሚበጁት በዋናነት ሦስት መጻሕፍት ናቸው፦ ምሳሌ፣ መክብብና ኢዮብ። በ81ዱ መጽሐፍ ቅዱስ ሲራክና ጥበበ ሰሎሞን ይጨመራሉ፤ በ66ቱ ግን እነዚህ ሁለቱ የሉም። 81ዱን የያዘ ሰው ምሳሌ 24ኛው ምዕራፍ ላይ ሲያልቅበት ገጽ የጎደለው እንዳይመስለው፤ ከ25 እስከ 31 ያለው ክፍል «ተግሣጽ» ተብሎ ለብቻው ቆሟል። ቤት ውስጥ ያለው የእናት ወይም የአያት ዳዊት ብቻ ከሆነም ባዶ እጅ አይደለም፤ 150ውን መዝሙር ከነ151ኛው፣ መኃልየ ነቢያትንና መኃልየ መኃልይን አንድ ላይ ይዟል።

ሦስቱ መጻሕፍት እርስ በርስ ይከራከራሉ። ምሳሌ ሥራ፣ አፍህን ጠብቅ፣ ሚዛንህን አታዛባ፣ ያልፍልሃል ይላል። ኢዮብ ይህን ሁሉ አድርጎ በአንድ ቀን ልጆቹንም ሀብቱንም ያጣ ሰው ነው። መክብብ ደግሞ ጠቢቡም ሞኙም በአንድ ዓይነት ሞት ይሄዳሉ፣ ታዲያ ምን ተረፈ ብሎ ይጠይቃል። መጽሐፉን ያሰባሰቡት ሰዎች ከሦስቱ አንዱን መርጠው ሌሎቹን መጣል ይችሉ ነበር፤ አልጣሉም። የማያምን አንባቢ ይህን ክርክር እንደ ክርክር ሊሰማው ይገባል። ማን አሸነፈ ብሎ ለመፍረድ ግን አይቸኩል። ለዚህ የሚረዳው «አንድም» እያለ በፍቺ ላይ ፍቺ የሚጨምረው የመጻሕፍት ትርጓሜ ልማድ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቃሉ የተለወጠበት ቦታ

ከሁሉ በፊት መሰናክሉ ቋንቋው ነው። ዛሬ በአማርኛ «ሰነፍ» ስንል መሥራት የማይወደውን ሰው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰነፍ ማለት ሞኝ፣ ማስተዋል የጎደለው፣ ምክር የማይሰማ ማለት ነው። መሥራት የማይወደው ሰው እዚያ «ታካች» ይባላል፤ «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» የሚለው ለእሱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ምሳሌ ውስጥ ሰነፍ የሚለውን ቃል በደርዘን በሚቆጠሩ ቦታዎች ያገኝና መጽሐፉ በሙሉ ስለ ሥራ የሚገሥጽ ይመስለዋል፤ አብዛኛው ግን ስለ ማስተዋል ነው።

ይኸው ቃል የማያምነውን ሰው በቀጥታ የሚነካበት ቦታም አለ፦ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል»። በግእዙ አቆጣጠር መዝሙር 13፣ በዕብራይስጡ 14 ነው። ግእዙ የግሪኩን ስለሚከተል ከመዝሙር 10 ጀምሮ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ ቁጥሩ አብዛኛውን በአንድ ያንሳል፤ ጥቅስ ፈልጎ ያጣ ሰው አንድ ቁጥር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይመልከት። ይህን ቃል ሰምቶ የተቀየመ ሰው መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ቢያነብ ደግ ነው። ሰነፍ የተባለው ሰው ሲቀጥል እንጀራ እንደሚበላ ሕዝብን የሚበላ፣ የድሀን ምክር የሚያሳፍር ሆኖ ነው የሚታየው። በዕብራይስጡ «ናባል» ይለዋል፤ ክፉና ባለጌ ሰው ማለት ነው። በልቡ የሚለው «ማን ያየኛል፣ ማን ይጠይቀኛል» ነው። በሐሳብ ተመራምሮ ጥያቄ ላይ የደረሰ ሰው ከዚህ መዝሙር ተከሳሾች ውስጥ የለበትም።

በዚያው ልክ «የጥበብ መጀመሪያ እግዚአብሔርን መፍራት ነው» የሚለውን ዘልሎ ማለፍ አይጠቅምም። ምሳሌ በዚህ ሐሳብ ላይ ነው የተገነባው፤ ከነሳነው ቤቱ ይፈርሳል። አማርኛው ራሱ መግቢያ ይሰጣል። «ፈሪሃ እግዚአብሔር የለውም» የሚባለው ማነው? ቅዳሜ ገበያ ላይ ሚዛኑን በጣቱ የሚጫን፣ የሙት ልጅ ርስት የሚነጥቅ፣ ሰው ሳያይ ሲቀር ሌላ ሰው የሚሆን ነው። ስለዚህ የማያምን አንባቢ ቃሉን ሳያጠፋ እንዲህ ሊይዘው ይችላል፦ ጥበብ የሚጀምረው ሰው ራሱን የመጨረሻ ዳኛ ማድረግ ሲያቆም ነው። አማኝ በዚህ አይረካም፣ መርካትም የለበትም፤ ለንባብ ግን በር ይከፍታል። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» የሚለውም በዚህ መንገድ ይነበባል። አባይ እዚህ ወንዙ አይደለም፣ ውሸታም ማለት ነው።

«ከንቱ»ን «ጉም» ብሎ ማንበብ

መክብብ 12 ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ያነበበው ሰው በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል፣ መጨረስም አለበት። እየቆራረጡ ሲያነቡት ተስፋ የቆረጠ ሰው ጽሑፍ ይመስላል። ለዚህ አንዱ ምክንያት «ከንቱ» የሚለው ቃል ነው። «ሁሉ ከንቱ ነው» ሲል አማርኛው የማይረባ፣ ዋጋ የሌለው የሚል ይሰማል። ዕብራይስጡ «ሄቬል» ይላል፤ ትንፋሽ፣ እንፋሎት ማለት ነው፣ መጽሐፉ ውስጥም 38 ጊዜ ይመጣል። ወንድሙ የገደለው የአቤል ስም በዕብራይስጥ ይኸው ቃል ነው፤ ታይቶ የጠፋ ልጅ።

በክረምት ጠዋት ከፋሲል ግንብ ላይ የሚወርደውን ጉም ያየ ሰው ቃሉን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ጉሙ አለ፣ ጋቢን ያርሳል፣ መንገድ ይሸፍናል፤ ግን አይዘገንም። አማርኛ «ጉም መዝገን» የሚለው ይህንኑ ነው፣ መጽሐፉም «ንፋስን እንደ መከተል» ይላል። አሁን «ከንቱ» በሚለው ቦታ ሁሉ «ጉም» እያሉ አንድ ጊዜ ደግሞ ያንብቡት። ድካምህ ጉም ነው፣ ስምህ ጉም ነው፣ ወጣትነትህ ጉም ነው። ዋጋ የለውም ማለቱ ቀርቶ አይያዝም ማለት ይሆናል። በምዕራፍ 9 ላይ እንጀራህን በደስታ ብላ፣ ልብስህ ነጭ ይሁን፣ ከምትወዳት ሚስትህ ጋር ደስ ይበልህ የሚለው ያን ጊዜ በቦታው ይገባል። የማይያዝ ነገር በእጅ ሳለ ይቀመሳል። በነገራችን ላይ ይህ ምክር የመክብብ ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም የባቢሎን የጊልጋመሽ ግጥም ውስጥ አንዲት ጠጅ ሻጭ ሞትን ለሚሸሸው ንጉሥ ተመሳሳዩን ትነግረዋለች።

ከመክብብ ውስጥ ጎንደሬ ያለ አስተርጓሚ የሚገባው አንድ ቃል አለ፦ «ወደ ግብዣ ቤት ከመሄድ ወደ ልቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል»። ምዕራፍ 7 ላይ ነው። ምክንያቱንም ይሰጣል፣ የሰው ሁሉ ፍጻሜ ያ ነውና በሕይወት ያለው በልቡ ያኖረዋል። የማያምን ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት ቢከብደው እንኳ መቀመጡ ራሱ ከዚህ ጥበብ ድርሻ አለው።

ጥበብ እንደ ሰዓቱ ነው

ምሳሌ ላይ ብዙ አንባቢ የሚሰናከለው ፍጥነት ላይ ነው። 31 ምዕራፍ ስላለው በቀን አንድ ምዕራፍ ብሎ በወር መጨረስ የተለመደ ነው፤ አይሠራም። ከ1 እስከ 9 ያለው የአባት ረጅም ምክር ስለሆነ በዚያ ፍጥነት ይነበባል። ከ10 ጀምሮ እስከ 22 አጋማሽ ያሉት ግን 375 የተነጣጠሉ አባባሎች ናቸው። 30 አባባል በአንድ ጊዜ ያነበበ ሰው 30 ጠጠር የዋጠ ያህል ነው፤ አንዱም አይፈጭለትም። በቀን ከሦስት እስከ አምስት ቁጥር ይበቃል።

አሠራራቸውን ማወቅ ያግዛል። አብዛኞቹ ሁለት ክንፍ አላቸው። አንዳንዴ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል፣ አንዳንዴ ይገለብጠዋል፣ አንዳንዴ ያሻግረዋል። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። «የጎመን ወጥ በፍቅር መብላት ይሻላል የሰባ ፍሪዳን ጥል ባለበት ከመብላት» የሚለውን «ጎመን በጤና» ከሚለው ተረታችን ጎን ያኑሩት። ሁለቱም ጎመንን ያነሣሉ። የእኛው ጤናን ነው የሚያስቀድመው፣ የምሳሌው ፍቅርን። የእኛው ጎመን ከምን እንደሚሻል አይናገርም፤ የምሳሌው ፍሪዳውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና በዙሪያው የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ያሳየናል።

ከዚያ ምዕራፍ 26ን ይክፈቱ። ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት ይላል፣ እንዳትመስለው። ቁጥር 5 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው መልስለት ይላል፣ ጠቢብ የሆነ እንዳይመስለው። ተከታትለው ነው የተቀመጡት። መጽሐፉ ተምታታ ብሎ የሚዘጋው ሰው የምሳሌን ምንነት ስቷል። አማርኛም እኮ በአንድ አፉ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም»፣ በሌላው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ እንደ ሰዓቱና እንደ ሰውየው። ምሳሌ ሕግ አይደለም፣ ቃል ኪዳንም አይደለም። «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፤ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም» የሚለውን ዋስትና አድርገው የያዙ፣ ልጃቸው ፈቀቅ ያለባቸው ወላጆች ራሳቸውን ሲወቅሱ ይኖራሉ። ያ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ይናገራል እንጂ ሁልጊዜ ይሆናል አይልም።

ጊዜ የማወቁን ነገር ምሳሌ ራሱ ደጋግሞ ይናገረዋል። ማልዶ ተነሥቶ ባልንጀራውን በታላቅ ድምፅ የሚመርቅ እንደ ተራጋሚ ይቆጠራል ይላል። በጊዜው የተነገረን ቃል በብር ሳሕን ላይ ካለ የወርቅ እንኮይ ጋር ያመሳስለዋል። እንኮይ የእኛው የቆላ ፍሬ ነው፤ ዕብራይስጡ ሌላ ፍሬ ይላል፣ ተርጓሚዎቹ አገሬው የሚያውቀውን ሰጡት።

ለሽምግልና የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ምዕራፍ 18 ቁጥር 17ን በቃሉ ቢይዝ ይጠቀማል፦ ቀድሞ የተናገረ ሰው ባላጋራው መጥቶ እስኪመረምረው እውነተኛ ይመስላል። ለዚህ እምነት አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ሰው ያውቀዋል።

ከ22፥17 ጀምሮ ያለው ክፍል ለማያምን አንባቢ የተለየ ነገር አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 የአሜንሞፔ ምክር የተባለ የግብፅ ጽሑፍ ታተመ፤ ዕድሜው ወደ 3,000 ዓመት ይጠጋል ወይም ያልፋል፣ 30 ምዕራፍም አለው። ከምሳሌው ክፍል ጋር ሲተያይ ድሀን አትቀማ፣ ከግልፍተኛ ጋር አትወዳጅ፣ የድንበር ምልክት አታፍልስ የሚሉት ምክሮች በሁለቱም ተገኙ። የእስራኤል ጠቢባን ከጎረቤት አገር መልካም ቃል ሲያገኙ የሰው ነው ብለው አልጣሉትም። ወሰን ሲገፋ ሰው የሚገዳደልበትን አገር የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምክር ለምን አገር ለአገር እንደዞረ ይገባዋል።

ሁሉንም መቀበል ግን የለበትም። ምሳሌ ልጅን በበትር መምታት ያዛል፤ ዛሬ ልጅን ማሠቃየት ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና ይህ አይወሰድም። ሲራክ ስለ ወዳጅ በምዕራፍ 6፣ ስለ ብድር በ29፣ ስለ ሐኪም በ38 ከማንም የማያንስ ምክር ይሰጣል፤ ምዕራፍ 42 ላይ ግን የወንድ ክፋት ከሴት ደግነት ይሻላል እስከ ማለት ይደርሳል። የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን በግልጽ መተው ይቻላል። ሁለተኛውን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ግን ታማኝ ንባብ አይደለም።

«አንድም»ን መበደር

ለዚህ ሁሉ የሚሆን መሣሪያ ጎንደር ውስጥ ከጥንት አለ። የመጻሕፍት ትርጓሜ «ላይ ቤት»ና «ታች ቤት» ተብሎ በሁለት የትምህርት ወገን የተለየው በዚህ ከተማ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ተማሪው ንባቡን ያሰማል፣ የኔታ ነጠላ ትርጉሙን ይሰጣሉ፣ ቀጥለው «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፣ ደግመው «አንድም» ይላሉ፤ አስፈላጊ ሲሆን ታሪክ ይገባል፣ ጥቅስ ይጠቀሳል። የኋለኛው «አንድም» የፊተኛውን አይሽረውም። ትርጓሜው በእምነት ውስጥ የሚሠራ ነው፣ ፍቺውም ወደ ክርስቶስ ያመራል፤ የማያምን አንባቢ ይህን እያወቀና እያከበረ ልማዱን ሊማር ይችላል። ደግሞም በዚሁ ምድር መጽሐፉን የያዘው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ከከተማው አጠገብ ያለችው የወለቃ መንደር ቤተ እስራኤሎች ኦሪትን በግእዝ አንብበዋል፣ የከተማው የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊሞችም ኢዮብን አዩብ፣ ሰሎሞንን ሱለይማን ብለው ያውቋቸዋል።

በተግባር ደብተር ይያዝ፣ 15 ደቂቃ ይመደብ። አንድ አባባል በሙሉ ይገልበጥ። ከሥሩ ማን ለማን እንደተናገረው ይጻፍ። ቀጥሎ «አንድም» ተብሎ ቢያንስ ሁለት ፍቺ ይሰጠው። ከዚያ ይህ ቃል እውነት የሚሆንበት አንድ ሁኔታና ሐሰት የሚሆንበት አንድ ሁኔታ፣ ሁለቱም ከሚያውቁት ኑሮ። በመጨረሻ የሚደግፈው አንድ የአማርኛ ተረት፣ የሚቃወመው ሌላ አንድ። ሐሰት የሚሆንበት ሁኔታ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ቃሉ ገና አልገባም ማለት ነው።

ቃል ሲጠጥር ጉባኤ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። የቅኔ መምህር ሌላ፣ የአቋቋም መምህር ሌላ፣ የትርጓሜ መምህር ሌላ መሆናቸውን አውቆ የትርጓሜውን መፈለግ ያሻል። አቀራረቡም ወሳኝ ነው። «እግዚአብሔር መኖሩን በምን ያውቃሉ» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚያገኘው ሌላ ውይይት ነው። «የኔታ፣ ይህን ንባብ አንድም ሲሉ ምን ምን ይላሉ?» ያለ ሰው ግን ብዙ ዓመት የተደከመበትን ዕውቀት በነፃ ይሰማል። እንደማያምን ከተጠየቀ አይዋሽ።

ማን እንደተናገረው

ኢዮብ 42 ምዕራፍ አለው። ከ1 እስከ 2ና የ42ኛው ማብቂያ ተራ ትረካ ናቸው፤ መካከሉ በግጥም የተጻፈ ሙግት ነው። ሲከብድ ከ1 እስከ 14፣ ከዚያ 28፣ ከዚያ ከ38 እስከ መጨረሻው ማንበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። ምዕራፍ 28 ሰው ወርቅ ፍለጋ ተራራ ሲቦረቡር ያሳይና ጥበብ ግን የት ትገኛለች ይላል፤ የኢትዮጵያ ቶጳዝዮንም አይተካከላትም የሚለው እዚያ ነው።

ጥቅስ ነቅሎ መያዝ የሚጎዳው ከሁሉ ይበልጥ እዚህ ነው። «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል» የሚለው አዲስ በተከፈተ ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚወደድ ቃል ነው። ምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ነው፤ ተናጋሪው የኢዮብ ወዳጅ በልዳዶስ ነው። ሦስት ቁጥር ወደ ላይ ይመለሱ። በልዳዶስ አሥር ልጆቹን ለቀበረ አባት፣ ልጆችህ በድለው እንደሆነ የበደላቸውን ዋጋ ነው ያገኙት እያለው ነው። ፍጻሜህ ይበዛል ያለው ያንን ተናግሮ፣ ንጹሕ ከሆንክ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። በመጽሐፉ ማብቂያ እግዚአብሔር ራሱ ኤልፋዝንና ሁለቱን ወዳጆቹን፣ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣቸዋል። ስለዚህ ከኢዮብ መጽሐፍ አንድ ቃል ከመያዝ በፊት ተናጋሪው ማን እንደሆነ ወደ ምዕራፉ ራስ ተመልሶ ማየት ግድ ነው። እነዚያ ወዳጆች ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከኢዮብ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ማንም አልወቀሳቸውም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ሲያነቡ እርሳስ ይዘው ከመጀመሪያው ጋር ይቁጠሩ። 7,000 በጎች 14,000 ሆኑ። 3,000 ግመሎች 6,000፣ 500 ጥማድ በሬ 1,000 ጥማድ፣ 500 አህዮች 1,000። ሁሉ እጥፍ። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ነበሩ፣ በመጨረሻም ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ናቸው። አማኝ አንባቢ፣ የሞቱት በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ቁጥሩ እጥፍ ነው ብሎ ይፈታዋል። አንድም፣ ከብት ይተካል፣ ልጅ አይተካም፤ ጸሐፊው ይህን ስላወቀ እጥፍ አላደረገውም። አዲሶቹ ወንዶች ልጆች ስማቸው አልተጻፈም። ሴቶቹ ግን ተጽፏል፣ ይሚማ፣ ቃስያና አማልቶያስ ቂራስ፤ አባታቸውም ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጣቸው።